ልጆቻችን የሚመላለሱበት ሰርቪስ ባለቤት ይኑረው

ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ የትራንስፖርት፣ የትራፊክ ቁጥጥርና የትምህርት ሥራ ኃላፊዎች

ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ልጆቻችንን በሰርቪስ ወደ ትምህርት ቤት የምንልክ ወላጆች ነን። ባለፈው ዓመት ሁለተኛ መንፈቅ ላይ ልጆቻችን ስለሚጫኑባቸው መኪኖች አቤቱታ ጽፈን ሦስት ቦታ አስገብተን ነበር። ትምህርት ቤቱ «ሰርቪስ የወላጅና የሾፌር የግል ውል ነው፣ እኛን አይመለከትም» አለን። አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት «ከግቢ ውጭ ያለ ነገር የትራንስፖርት ነው» ብሎ መለሰን። የትራንስፖርቱ ጽሕፈት ቤት ደግሞ «እነዚህ መኪኖች በታክሲ ስምሪት ውስጥ የሉም፤ ውል የገባችሁት እናንተ ናችሁ፣ ራሳችሁ ጠይቋቸው» አለን። በቃ፣ እዚያው ላይ ቀረ። የማመልከቻችን ቅጂ «ገቢ» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ፋይላችን ውስጥ ተቀምጧል።

አሁን ምዝገባ ተጀምሯል። መስከረም ደርሷል። ልጆቹ ወደነዚያው መኪኖች ሊመለሱ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በአደባባይ ማንሳት ግድ ሆነብን። ዋናው ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ የሚመጣ ነው። ልጁ ከቤቱ ወጥቶ ክፍሉ እስኪገባ፣ ከክፍሉ ወጥቶም ቤቱ እስኪመለስ ድረስ ስለ ደኅንነቱ የሚጠየቀው መሥሪያ ቤት የትኛው ነው?

ሰርቪስ ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። አይደለም። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ ገብቷል። ሥራው ግን መሀል ከተማ ነው። የልጁም ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ እዚያው ነው የቀረው። አባት በጠዋት አውቶቡስ ይሰለፋል፣ እናት በሌላ አቅጣጫ ትሄዳለች። የስድስት ዓመት ልጅ ታክሲ ተጋፍቶ አይገባም። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ ሚኒባስ ያለው ሰው ይጠየቃል፣ በወር ይከፈለዋል፣ ልጅ በአደራ ይሰጠዋል። ውሉ ብዙ ጊዜ በስልክ ነው። መኪናው ስንት ልጅ እንደሚጭን የሚጽፍ የለም፤ የሚጻፈው የሰፈሩ ስምና የወሩ ክፍያ ነው።

መጀመሪያ ትርፍ መጫንን እናንሳ። አንዳንዶቻችን ልጆቻችንን የምንልክበት አንድ ሚኒባስ ለ12 ተሳፋሪ የተሠራ ነው። ወላጆች ተሰብስበን ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመን ስናይ ከዚያ መኪና 23 ልጆች ወረዱ። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አምስት ይቀመጣሉ። ትንንሾቹ ትልልቆቹ ጭን ላይ ናቸው። ከሾፌሩ ጀርባ፣ ሞተሩ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው የሚቀመጡ አሉ። መተላለፊያው ላይ ዱካ ተደርድሯል። ቦርሳው ሁሉ እግራቸው ሥር ስለሚከመር እግር ማሳረፊያ የለም። ጋቢናው ላይ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ልጅ ይደረጋል።

«ሕፃን ምን ቦታ ይይዛል?» ይሉናል ሾፌሮቹ። መኪናው ሲቆም ግን የኋላው ልጅ የፊተኛው ላይ ይወድቃል፣ የጭኑ ልጅ ከተሸከመው ልጅ እጅ ይወጣል። በር ቢበረገድ ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣው ዱካ ላይ ያለው ነው። ለዚህ የተለየ ጥናት አያስፈልግም። ፍሬን ሲያዝ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ሾፌሩ «ጎንበስ በሉ!» ይላል። ልጆቹ ለምደውታል። ሁሉም አንድ ላይ ጎንበስ ይላሉ። መኪናው ሲያልፍ «ቀና በሉ» ይባላሉ፣ ይስቃሉ። ጨዋታ መስሏቸዋል። አንድ የኬጂ ልጅ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ «ዛሬ ሁለት ጊዜ ተደበቅን» ብሎ ነግሯታል። ትራፊኩ ከውጭ ሲያየው ግማሹ ባዶ የሆነ መኪና ነው። ወንበር ላይ ያጎነበሰ ልጅ መኪናው ድንገት ቢቆም መጀመሪያ የሚመታው አናቱ ነው። ይህ አንድ ጉዳት ነው። ሌላው ጉዳት ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ሕግ አስከባሪ ማለት የሚሸሹት ሰው መሆኑን ልጆቻችን ከኬጂ ጀምረው እየተማሩ ነው።

ሁለተኛው የወንበሩና የቀበቶው ነገር ነው። ከሰርቪሶቹ አንዳንዶቹ ዕቃ ለመጫን የተሠሩ መኪኖች ናቸው። ወንበሩ እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ተበይዶ የተገጠመ ነው። በእጃችን ስንገፋው የሚነቃነቅ ወንበር አግኝተናል። ቀበቶ በብዙዎቹ ላይ ጨርሶ የለም። ያለበትም ላይ ወንበሩ ሥር ተጠቅልሎ ገብቷል፣ ወይም መቆለፊያው ጠፍቷል። የወንበሩ መደገፊያ አናት ላይ ለመያዣ የሚሆን ብረት አለ። ስፖንጁ አልቆ ባዶ ብረት ሆኗል። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ከኋላው ሲቀመጥ ያ ብረት አፉ ትክክል ላይ ይመጣል።

ይህን የምንለው ከሜዳ ተነስተን አይደለም። ባለፈው ጥር አንድ ሾፌር ውሻ ገብቶበት ፍሬን ያዘ። መኪናው ከምንም ጋር አልተጋጨም። ውስጥ የነበረች የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን ከዚያ ብረት ጋር ተጋጨች። ሁለት የፊት ጥርሷ ወለቀ፣ ከንፈሯ ተሰፋ። የወለቁት አዲስ የበቀሉት ቋሚ ጥርሶቿ ናቸው፤ ዳግም አይበቅሉም። ግጭት ስላልነበረ ትራፊክ አልተጠራም። ትራፊክ ስላልተጠራ የትም አልተመዘገበም። ሾፌሩ ለሕክምናው የተወሰነ ገንዘብ ሰጠ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ በማግስቱ ሥራውን ቀጠለ። በዓመቱ መጨረሻ በሚወጣው የአደጋ ሪፖርት ውስጥ ይህች ልጅ የለችም። እንደ እሷ ያሉ ስንት ልጆች እንዳሉ የሚያውቅ መሥሪያ ቤትም የለም። የማይቆጠር ጉዳት ደግሞ በጀት አይመደብለትም፣ ስብሰባም አይጠራለትም።

መኪናው ቦሎ አለው። በየዓመቱ ምርመራ ያልፋል። ፍሬኑ፣ መብራቱ፣ ጎማው ታይቶ ይሆናል። ልጆቹ የሚቀመጡበትን ወንበር ነቅንቆ ያየ መርማሪ ግን ያለ አይመስለንም። ያየ ቢኖር እኛ የነቀነቅነው ወንበር አያልፍም ነበር።

ሦስተኛው ጋቢና ነው። ይህ ሰርቪስን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ የቤት መኪናውንም፣ ታክሲውንም ይነካል። በከተማችን ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር የቆመ ሰው የሚያየው ነገር አለ። እናት ጋቢና ተቀምጣለች፣ ሕፃኑ ጭኗ ላይ ነው። ወይም ልጁ በሁለቱ ወንበሮች መሀል ቆሞ በመስታወት ይመለከታል። ወይም አባትየው መሪውንም ልጁንም ይዞ ይነዳል። ፍቅር ነው፣ እናውቃለን። ልጅ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ምን ይሆናል የሚል እምነት ነው። ሆኖም ክንድ ልጅን ከግጭት አያድንም። ምክንያቱን በቁጥር እናስቀምጠው።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ሲጋጭ መኪናው ይቆማል። ውስጡ ያለው ያልታሰረ ሰው ግን በዚያው ፍጥነት ወደፊት ይቀጥላል። ጉልበቱ ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ወድቆ መሬት ከመምታት ጋር እኩል ነው። በዚያች ቅጽበት 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን እናቱ ክንድ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ሁለት ኩንታል ጤፍ ከመያዝ አይተናነስም። እናት ምንም ያህል ብትጠነክር ይህን አትይዘውም። እሷ ራሷ ቀበቶ ካላሰረች ደግሞ ልጁን ከዳሽቦርዱ ጋር የሚያጣብቀው የእሷው ሰውነት ነው። ሁለቱ በአንድ ቀበቶ ቢታሰሩም ያው ነው፤ ልጁ በእናቱና በቀበቶው መሀል ይጨፈለቃል።

ኤርባግም፣ ማለትም በግጭት ጊዜ ከዳሽቦርዱ ተነፍቶ የሚወጣው ከረጢት፣ ለልጅ ጥበቃ አይደለም። ሲፈነዳ ከዓይን ጥቅሻ በሚያንስ ጊዜ ውስጥ ነው የሚነፋው። የተሠራው ቀበቶ ላሰረ አዋቂ ሰው ደረት ነው። ጋቢና ላይ ያለ ትንሽ ልጅ ሲሆን የሚያገኘው ፊቱንና አንገቱን ነው። ወደ ኋላ የሚዞር የጨቅላ መቀመጫ ኤርባግ ያለበት ጋቢና ላይ ፈጽሞ መቀመጥ የሌለበትም ለዚህ ነው።

የልጅ ሰውነት ትንሽ የሆነ የአዋቂ ሰውነት አይደለም። የጨቅላ ራስ ከጠቅላላ ቁመቱ ሩብ ያህል ነው። አንገቱ ግን ገና አልጠነከረም። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ በሥራ ላይ ያለው አር 129 የተባለው የመቀመጫ ደረጃ ልጁ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ግጭት ሲመጣ ጫናው አንገቱ ላይ ሳይሆን ጀርባው ሁሉ ላይ ይበተናል። ከዚያ በኋላ የራሱ ማሰሪያ ባለው መቀመጫ ወደፊት ይዞራል። ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ደግሞ ከፍ የሚያደርገው መቀመጫ ያስፈልገዋል፤ ቡስተር የሚባለው። የመኪና ቀበቶ የሚያልፈው በአዋቂ ትከሻና በዳሌ አጥንት ላይ ነው። አጭር ልጅ ላይ ግን የላይኛው አንገቱን ይቆርጠዋል፣ የታችኛው ሆዱ ላይ ይወጣል። በግጭት ጊዜ ጉበትና አንጀት የሚጎዳው በዚህ ነው። በብዙ አገሮች መለኪያው የልጁ ቁመት ነው፤ 135 ሴንቲ ሜትር፣ በአንዳንዶቹም 150።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ቀዳሚው የሞት ምክንያት የትራፊክ አደጋ መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። ለልጅ የሚመጥን መቀመጫ በትክክል ሲገጠም ሞትን እስከ 60 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችልም ያው ድርጅት ይገልጻል። ልጆቻችንን በየክትባት ቀኑ ወስደን የምናስከትበው ከበሽታ እንዲድኑ ነው። ክትባት ጣቢያ ድረስ የሚሄዱበት መኪና ውስጥ ግን እቅፍ ላይ ናቸው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንን ተመልከቱ። እዚያ በሁሉም ግዛት የልጆች መቀመጫ ሕግ አለ። ልጃቸውን ካር ሲት ላይ ሳያስሩ ሞተር አያስነሱም። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ሲመጡ ግን ያንኑ ልጅ ከቦሌ ኤርፖርት ጀምሮ ጭናቸው ላይ አድርገው ይሄዳሉ። ሰዎቹ ያው ናቸው። ለልጃቸው ያላቸው ፍቅርም ያው ነው። ልዩነቱ እዚያ የሚጠይቅ አለ፣ እዚህ የለም። የሾፌር ቀበቶ በከተማችን እንዴት እንደተለመደም እናስታውሳለን። ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ሰው መኪና ውስጥ እንደገባ እጁ ወደ ቀበቶው መሄድ ለመደ። ዛሬ ትራፊክ ፖሊስ መኪና ሲያስቆም የሾፌሩን ትከሻ ያያል። የኋላውን ወንበር የሚያይ ብዙም አላጋጠመንም።

አራተኛው መውረጃው ነው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ከሰርቪስ የወረደ ልጅ ደግሞ እግሩ መሬት በነካበት ሰከንድ እግረኛ ነው። ሾፌሩ መዞር ሲረዝምበት ልጁን ከቤቱ ማዶ ያወርደዋል። ልጁ በሚኒባሱ ፊት ለፊት ዞሮ ይሻገራል። ሚኒባሱ ይሸፍነዋል፤ ከኋላ የሚመጣው አያየውም። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ እንዲህ ሲሻገር ሞተር ሳይክል ገጭቶት እግሩ ተሰብሮ ሁለት ወር ከትምህርት ቀርቷል። የኮሪደር ልማቱ ያሰፋቸው መንገዶች ላይ ነገሩ ይብሳል፤ መንገዱ ሲሰፋ መኪናው ይፈጥናል፣ ልጁ የሚሻገረውም ይረዝማል።

ብዙዎቹ ሰርቪሶች ረዳት የላቸውም። በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ትንንሾቹን የሚያወርደው አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ለዚህ ሥራው ከወርሃዊ ክፍያው ይቀነስለታል። የአንዱ መኪና በር መቆለፊያው ተበላሽቶ ለሳምንታት በሲባጎ ታስሮ ሄዷል። ሲባጎውን የሚፈታውም የሚያስረውም ያ ልጅ ነበር። አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂ የሚሆነው እሱ ነው?

ሾፌሮቹን ጠላት አድርገን ማቅረብ አንፈልግም። ከመካከላቸው ልጆቻችንን እንደ ልጆቻቸው የሚያዩ አሉ። ነዳጅ ጨምሯል፣ መለዋወጫ አይቀመስም። «በ12 ልጅ አያዋጣኝም» ሲሉን ሒሳባቸውን አብረን ሠርተን አይተናል፤ ውሸት አይደለም። ጠዋት ልጆቹን አድርሰው ሌላ ሥራ ካልሠሩ ወሩ አይሞላም። ስለዚህ ይቸኩላሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተው እስከ ማታ የሚነዱ አሉ። ነገር ግን የማያዋጣ ሥራ የሚካካሰው በልጆች ቁጥር መሆን የለበትም። ክፍያው ይነጋገሩበታል፣ ይስተካከላል። እኛ ወላጆችም ተነጋግረንበታል። በአንድ ወንበር አንድ ልጅ ከተባለ የምንከፍለው እንደሚጨምር እናውቃለን። መጨመሩን የሚችል አለ፣ የማይችል አለ። የማይችለው ልጅ ዱካ ላይ ይቀመጥ ማለት ግን መልስ አይሆንም። ለዚያ ነው መንግሥት የሚያስፈልገን።

አንድ ነገር እንጨምር፣ ስለ ገበያው። የልጅ መቀመጫ ለመግዛት የሞከርን ወላጆች አለን። አዲሱ ለአብዛኞቻችን የሚቀመስ አይደለም። ያገለገለው ከውጭ በሻንጣ የመጣ ነው። ግጭት ላይ የነበረ ይሁን አይሁን ሻጩም አያውቅም፤ እንዲህ ያለ መቀመጫ ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ደረጃውን የሚገልጸው ብርቱካናማ ምልክት ተልጦ የተሸጠም አይተናል። በሌላ በኩል በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪኖች እየተሞላ ነው። በአብዛኞቹ የኋላ ወንበር ላይ፣ መደገፊያውና መቀመጫው በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ፣ አይሶፊክስ የሚባሉ ሁለት የብረት ማያያዣዎች አሉ። የልጅ መቀመጫ ቀጭ ብሎ የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው። መኪናው አብሮ ይዞት መጥቷል፤ ባለቤቱ ግን ምን እንደሆነ የሚነግረው አላገኘም። ዘመናዊ መኪና እንዲገባ ስታበረታቱ ይህን አብሮ ማስተማር ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል?

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የምንጠይቃችሁ እነዚህን ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ባለቤት ሰይሙ። ሦስታችሁም ተቀምጣችሁ ተነጋገሩና የተማሪ ሰርቪስ የሚጠየቅበትን አንድ መሥሪያ ቤት፣ ከነስልክ ቁጥሩ፣ በይፋ አሳውቁን። ይህ ካልሆነ የሚቀጥለው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ተማሪ የሚያመላልስ መኪና ሁሉ ይመዝገብ። ምዝገባው ሾፌሩን ማስጨነቂያ፣ አዲስ የክፍያ ምንጭ እንዳይሆን አደራ እንላለን። ከተመዘገበ በኋላ ስንት ልጅ መጫን እንደሚችል በትልቁ በሩ ላይ ይለጠፍበት። ቁጥሩ በወንበር ይሁን፤ አንድ ልጅ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ቀበቶ። ዱካ፣ ሞተር ላይ መቀመጥ፣ ጭን ላይ መያዝ ይቅር። የሰርቪስ መኪና ዓመታዊ ምርመራ ሲደረግለት የወንበሩ አገጣጠምና ቀበቶው ይታይ። ባዶው ብረት ቢያንስ በስፖንጅ ይሸፈን፤ ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ቁጥጥሩ ትምህርት ቤት በር ላይ ይሁን። መንገድ ላይ ልጆቹ ይደበቃሉ። በር ላይ ግን ሁሉም ይወርዳሉ፤ አንድ ሰው ቆሞ መቁጠር ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ትርፍ የጫነው ሾፌር ሲቀጣ ልጆቹ መንገድ ላይ እንዳይቀሩ ቅጣቱ እንዴት እንደሚፈጸም አብራችሁ አስቡበት። ልጅ አስወርዶ መኪናውን ማሰር መፍትሔ አይደለም።

ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙባቸውን ሰርቪሶች ዝርዝር እንዲይዙ፣ ያልተመዘገበ መኪና በራቸው ላይ ልጅ እንዳያወርድ ግዴታ ይጣልባቸው። «የግል ውል ነው» የሚለው መልስ ይብቃ። እያንዳንዱ ሰርቪስ ለአቅመ አዳም የደረሰ ረዳት ይኑረው፤ ልጁም በቤቱ በኩል ይውረድ፣ መሻገር ካለበትም ረዳቱ ይዞት ይሻገር።

ከሩቅ ሰፈሮች ለሚመጡና ክፍያው ለሚከብዳቸው ልጆች የከተማው አውቶቡሶች በጠዋትና በማታ የተማሪ ብቻ የሆነ መስመር ይኑራቸው። ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ ብትጀምሩት ብዙ ቤተሰብ ታሳርፋላችሁ።

ለቤት መኪና ደግሞ ግልጽ ነገር ንገሩን። ልጅ ከኋላ ይቀመጥ። በየትኛው ዕድሜና ቁመት በምን ዓይነት መቀመጫ እንደሚቀመጥ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሌሎቹም ቋንቋዎች በአጭሩ ተጽፎ ይሰራጭ። ትራፊክ ፖሊሶች የኋላውን ወንበር ማየት ይልመዱ፤ መጀመሪያ ለተወሰኑ ወራት ማስተማር ብቻ፣ ከዚያ ቅጣት። ነፍሰ ጡር እናት ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ አራስ ልጇን በመኪና እንዴት ወደ ቤት እንደምትወስድ ይነገራት። በመንጃ ፈቃድ ሥልጠና ላይም ልጅ ስለማሰር አንድ ትምህርት ይካተት። ደረጃውን የጠበቀ የልጅ መቀመጫ ከቀረጥና ከታክስ ነፃ እንዲሆን ለሚመለከተው አካል ጥያቄ አቅርቡልን።

በመጨረሻም ሰርቪስ ውስጥ የሚጎዳ ልጅ ይመዝገብ፤ ግጭት ቢኖርም ባይኖርም። የጤና ተቋማት ልጁ የተጎዳው መኪና ውስጥ መሆኑን ሲጽፉ፣ ትምህርት ቤቱም ሲያሳውቅ መረጃው የሚደርስበት ቦታ ይኑር። ጥርሷ የወለቀው ልጅ መዝገብ ላይ ትግባ።

ይህ ሁሉ በአንድ መስከረም እንደማያልቅ እናውቃለን። ባለቤት መሰየም፣ በር ላይ መቁጠርና ወንበር መፈተሽ ግን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ሊጀመሩ ይችላሉ። ለዚህ እኛም ሰው እንመድባለን፤ ጠዋት በር ላይ ቆመው የሚቆጥሩ ወላጆች ዝግጁ ናቸው። የሰርቪስ ሾፌሮች ተወካዮች ባሉበት ከእናንተ ጋር ለመነጋገር ቀጠሮ እንድትሰጡን፣ ለዚህ ደብዳቤም በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
በሰርቪስ የሚመላለሱ ተማሪዎችን ወላጆች በመወከል
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር
ለሰርቪስ ሾፌሮች ተወካይ
ለመላው የተማሪ ወላጆች